ገመቹ በአባታችን ድምፅ

ወንድሜ ገመቹ ሲሞት መርዶው በሥርዓቱ መጣ። ሊነጋጋ ሲል በራችን ላይ ወደ ሃያ ሰው ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። ከሁሉም ፊት የቆሙት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ኦቦ ፈይሳ ነበሩ፤ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። እናቴ በሩን ከፈተች። አልጮኸችም። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና «የትኛው ነው?» አለች።

ልጆቿ ሁለት ነን። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ኦቦ ፈይሳ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። እሷም ዞረች፤ አየችኝ። ያን ጊዜ የትኛው እንደሆነ ገባት።

እኔ ማታውኑ ተነግሮኝ ነበር። ከእንጭኒ ገበያ ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገልብጦ ነው። እስኪነጋ እንዳትነግራት ተብዬ ከእሷ ጋር እራት በላሁ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ወይ ስትለኝ አልበዛም አልኳት፤ ተኛሁም። በቤታችን ሞት ሲደበቅ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ጊዜ የመደበቁ ተራ የገመቹ ነበር።

ስለ እሱ ሳወራ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ደግ ነበር ብዬ ብጀምር የሚያውቁት ይስቃሉ። ደግ አልነበረም። የሰው ድምፅ ያስመስል ነበር። የሰፈራችንን ሰው ማለቴ ነው፤ ዳቦ ሻጯን፣ የቀበሌውን ዘበኛ፣ የእኔን የሒሳብ አስተማሪ። ከአምቦ ጉደር በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ስለነበር ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲሰማ ይውልና ማታ ቤት ይዟቸው ይመጣል። የሚንተባተበውን ከነመንተባተቡ፣ ልጇን ቀብራ የምትመለሰውን ሴት ከነሲቃዋ። በቤታችን «ማምጣት» ነበር የምንለው። «እስኪ ዘበኛውን አምጣው» እንለዋለን፤ ያመጣዋል። እናቴ «ገሜ፣ ነውር ነው» እያለች ትስቃለች።

አንድ ጊዜ ሊያስተምረኝ ሞክሯል። «አፍህ ላይ አትጀምር» አለኝ። «ትከሻህ ላይ ጀምር። ሰውዬው እንደሚቀመጠው ተቀመጥ። ትንፋሹ የት ላይ እንደሚያልቅበት እወቅ። ድምፁ ራሱ ይመጣል።» እኔ ተቀመጥኩ፣ ትንፋሼንም ያዝኩ፤ የመጣው ግን የራሴ ድምፅ ነው። «አንተ ሁልጊዜ ለሚ ነህ» ብሎ ሳቀብኝ።

አባታችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት ክንዱን መስኮት ላይ አድርጎ ስለነዳ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። ገመቹ አባዬን ሲያመጣ መጀመሪያ ግራ ትከሻውን ይጥላል። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ «አለሽ ወይ?» ይላል። የአባዬ ሰላምታ ይህ ነው። እናቴ አንድ ቀን ጓዳ ሆና «አለሁ፣ አባ ገሜ» ብላ መለሰችለት፤ አባዬ ራሱ እዚያው ከእኛ ጋር ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሁላችን ሳቅን። አባዬ አልሳቀም። «ይሄ ልጅ የራሱ ድምፅ የለውም» አለ። ገመቹ ሰምቶታል።

ኮሮና የመጣ ጊዜ እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ትንሽ ቆይቶ ሚኒባሱም ቆመ። አባዬ ከዚያ አስቀድሞ ለኩላሊቱ ሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ ታናሽ ወንድሙ ንጉሤ ቤት አርፎ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረ። ቤት የቀረነው ሦስታችን ነን። አባዬ በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል። ምን በላህ፣ ኪኒኑን ዋጥክ፣ ጎመኑ በቀለ፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። እናቴ ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። የልብ ሕመም አለባት፤ እናቷ የሞቱ ጊዜ ወድቃ ሆስፒታል ከርማ ነው የተነሳችው።

የመጀመሪያው ወር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይል ነበር። ያለ ወትሮው ሁላችንም ቤት ነን። ከጓሮ ጎመን ተከልን። እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እየወቀጠች ጠዋት ጠዋት በግድ ታስውጠናለች። ካርቶን ላይ የዳማ ሰሌዳ ሠርተን በቆርኪ እንጫወታለን፤ የእኔ ቆርኪዎች በጀርባቸው፣ የገመቹ በፊታቸው። ያሸነፈ ማን እንደሚመጣ ያዛል። እኔ ሳሸንፍ ሁልጊዜ የሒሳብ አስተማሪዬን አዝዛለሁ። እናቴ ደረቷን ይዛ «ተው፣ ልቤን ልታቆማት ነው» ትላለች። ይሄንን ለቀልድ ነበር የምትለው።

አንድ ጠዋት ለእግር ጉዞ ብለን ወጥተን ፍልውሃው ድረስ ሄድን። ተዘግቷል። በአጥሩ ተንጠላጥለን ገባን። የዋናው ገንዳ ውሃ የለውም፤ ወለሉ አረንጓዴ ሆኖ ቅጠል ተኝቶበታል። ገመቹ በደረጃው ወርዶ ጥልቁ ጋ ቆመና ዋናተኞቹን በሙሉ አመጣቸው። ቦርጫሙን ነጋዴ ሲዘል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይመስል የምትጮኸዋን ልጅ፣ «እረ ተዉ ልጆቹን» የሚሉትን አሮጊት፣ የጠባቂውን ፊሽካ። ባዶው ገንዳ ድምፁን እያበዛው ሰው የሞላበት መሰለኝ። ጠባቂው እውነት ሰው የገባ መስሎት ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። አይቶን ቆመ። «ሌሎቹስ?» አለ። ያን ዕለት እስከ ቤት ድረስ እየሳቅን ተመለስን። ወንድሜን ሳስብ ያንን ገንዳ ብቻ ባስታውስ እመርጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ፈይሳን ያመጣቸው ጀመር። ኦቦ ፈይሳ የድሮ አስም አለባቸው፤ ከአጥሩ ማዶ ሲስሉ እንሰማለን። ሰው በሳል የሚባረርበት ጊዜ ነው። ገመቹ የቀበሌ ስኳር ሰልፍ ላይ ከኋላ ሆኖ በኦቦ ፈይሳ ሳል ሲስል ሰልፉ ይበታተናል፤ እሱ ፊት ይሆናል። ከዚያ ሰልፍ አልበቃው አለ። ሰው በመንገድ ሲያልፍ አጥራችን ሥር ተቀምጦ ይስላል። ለሦስት ቀን እንዲህ አደረገ፤ የሰማው ሁሉ የሚስሉት ኦቦ ፈይሳ መሰሉት። በአራተኛው ቀን ከራስ እስከ እግራቸው መከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች በአምቡላንስ መጥተው ኦቦ ፈይሳን ከስፌት ማሽናቸው አስነሱና ለይቶ ማቆያ ወደተደረገ ትምህርት ቤት ወሰዷቸው። ሚስታቸው ደጅ ቆማ ታለቅሳለች፤ የሚጠጋት ሰው የለም። እናቴ ገመቹን በጥፊ መታችው። እሱ ጉንጩን ይዞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስትመታው ያወጣችውን ትንፋሽ አስመሰለው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

ኦቦ ፈይሳ በአሥራ አራት ቀናቸው ነፃ ናቸው ተብለው ተመለሱ። ልብስ የሚያሰፋ ግን አልመጣም። ለመስከረም የጀመሩት የተማሪ ዩኒፎርም ሱቃቸው ውስጥ እንደተሰቀለ ቀረ። በአጥሩ ላይ ገመቹን ጠሩት። አልተቆጡም።

«አሥራ አራት ቀን ሙሉ ተኝቼ አሰብኩ» አሉት። «ሳሌን ለማን ነው ያዋስኩት ብዬ።»

ገመቹ እጁን ከአጥሩ ላይ አንስቶ ወደ ቤት ገባ።

ግንቦት ላይ አባዬ ሞተ። አጎቴ ንጉሤ የደወለው ለገመቹ ነው። በማግስቱ በጥቂት ሰው ፊት ተቀበረ፤ መንገድ ዝግ ነበርና ከእኛ ማንም አልሄደም። አጎቴ አጥብቆ የነገረን አንድ ነገር ነው፦ በስልክ እንዳታረዷት። መርዶ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው አለ። ገመቹና እኔ ወደ ኦቦ ፈይሳ ሄድን፤ ሌላ የምንሄድበት የለም። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር። ኦቦ ፈይሳ ብዙ ካሰቡ በኋላ አራት ሰው መርዶ አይሆንም አሉ። «ሰው ሰውን አይንካ ተብሏል። ሴትየዋ ልበ ደካማ ናት። ስትወድቅ ማን ይይዛታል?» እገዳው ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው፤ እንጠብቅ ተባለ። ተስማማን። ማንም ክፉ አላሰበም።

የዚያን ዕለት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። እናቴ ኔትወርክ ነው አለች። በሁለተኛው ማታ እራት አልበላችም። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን ለብሳ ጫማዋን አሠረች፤ በእግሬም ቢሆን አዲስ አበባ እሄዳለሁ አለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ገመቹ አየኝ። ከዚያ የአባዬ ስልክ ተበላሽቷል፣ ዛሬ በአዲስ ቁጥር ይደውላል፣ አጎቴ ነግሮኛል አላት። አዲሱን ቁጥር ስልኳ ላይ «አባ ገሜ» ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ገመቹ የሚደውለው ከኦቦ ፈይሳ ሱቅ ነበር። ቁልፉን ራሳቸው ሰጡን። «ግቡ፣ ማንም አይመጣባችሁም» አሉ፤ «ደንበኞቼን ወንድምህ አባሯቸዋል።» ገመቹ በተሰቀሉት ዩኒፎርሞች መሃል በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አሮጌ ትንሽ ስልክ ይዟል። ግራ ትከሻውን ጣለ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አለሽ ወይ?»

በዚያ በኩል እናቴ እያለቀሰች «አለሁ» አለች። «አለሁ፣ አባ ገሜ። ልትገድለኝ ነው እንዴ?»

እኔ ዩኒፎርሙን ፊቴ ላይ ጫንኩት። የአባዬ ድምፅ ነበር። አባዬ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው።

ሁለት ሳምንት ያልነው ሰባት ሳምንት ሆነ። እገዳው እየተራዘመ፣ እኛም በየማታው እየደወልን። ቤት ውስጥ ዳማው ቀረ፣ ሰው ማምጣትም ቀረ። ገመቹ ቀን ቀን አያወራም፤ ድምፁን ለማታ የሚቆጥብ ይመስል ነበር። በአርባው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደን ጧፍና ዕጣን ሰጥተን፣ ቄሱ የአባዬን ስም ሲጠሩ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመን፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ ሱቁ ገብተን «አለሽ ወይ?» አልን። አልን የምለው እኔም እዚያው ስለነበርኩ ነው።

አንድ ማታ እናቴ ስልኩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ገመቹ ለእኔም እንዲሰማኝ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶት ነበር።

«አባ ገሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ይሄ ትልቁ ልጅህ ያስፈራኛል።»

«ምን አደረገ?»

«አሁንማ ምንም። ዝም ብሏል። ግን የኦቦ ፈይሳን ሳል የሸጠ ልጅ ነገ የእኔን ጣር ይዞ ጠላ ቤት ያስቅበታል። ስሞት አጠገቤ እንዳይቆም። ትንሹ ይበቃኛል። አንተም ብትሆን አደራ።»

ገመቹ ስልኩን ዘግቶት ቢሆን፣ ኔትወርክ ጠፋ ቢል እሷ ታምናለች። አልዘጋም። ትከሻው እንደወደቀ ነው። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልክ ነሽ» አለ በአባዬ ድምፅ። «እሱ ልጅ ልብ የለውም። የራሱ ድምፅ እንኳ የለው።»

እናቴ ቀለል ብሏት ስለ ጎመኑ አወራችው። ሲጨርስ፣ ለምን እንደዚያ አልክ፣ ለምን ለራስህ አልተከራከርክም አልኩት። በጣም እንደተገረመ ሰው አየኝ። «አባዬ ቢሆን ምን ይል ነበር?» አለ። በሩን ቆልፈን ስንወጣ ግራ ትከሻውን ማቅናት ረስቶት ነበር፤ እንደዚያው ሆኖ ቤት ገባ።

ከዚያ መንገድ ተከፈተ። እናቴ በዚያኑ ማታ፣ መቼ ነው የምትመጣው አለችው። የሚቀጥለውም ማታ ጠየቀችው። በሦስተኛው «ቅዳሜ እመጣለሁ» አላት። ምን ነካህ ብዬ ጮኽኩበት። መልሱ ያው ነበር፤ አባዬ ቢሆን ምን ይል ነበር። እናቴ የአባዬን ጋቢ አጠበች። ሰፈሩን እየዞረች ቅዳሜ ይመጣል አለች። ፍልውሃ ይዤው እሄዳለሁ፣ ገና ካልተከፈተም በአጥሩ ዓይተነው እንመለሳለን አለች። ዓርብ ኦቦ ፈይሳ መጥተው ከእንግዲህ መጠበቅ የለም አሉ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አሁንም ከአራት በላይ አይቻልም። ኦቦ ፈይሳና ሌላ አንድ ሽማግሌ፣ እናቴና ገመቹ፤ አራት ሞላ። እኔ አምስተኛ እንዳልሆን ደጅ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሌሎቹ ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው አጥሩን ይዘው ቆመዋል። ኦቦ ፈይሳ በኦሮምኛ ጀመሩ፤ መርዶ በኦሮምኛ ነው የሚቀናቸው። ተናገሩት። እናቴ ጨርሰው እስኪናገሩ አዳመጠቻቸውና ሳቀች። የእውነት ሳቅ ነው።

«ተሳስታችኋል» አለች። «የሌላ ሰው መርዶ ነው። ትናንት ማታ ደውሎልኛል። አሁን መንገድ ላይ ነው።»

ስልኳን አነሳች። ሽማግሌዎቹ የሚመጣው አልገባቸውም። ለእኔ ገባኝ፤ መስኮቱን መታሁት፣ ገመቹ ግን አላየኝም። ትንሿን ስልክ ሁልጊዜ ሱቁ ውስጥ ነበር የምንተዋት። በዚያ ሳምንት ኦቦ ፈይሳ ሱቁን ለሥራ ስለከፈቱት ገመቹ ኪሱ ይዟት መዞር ጀምሮ ነበር። ማጥፋት አላሰበም።

ኪሱ ውስጥ ጮኸች። እነዚያ ትንንሽ ስልኮች ሲጮኹ ጩኸታቸው ኃይለኛ ነው። ገመቹ አላወጣትም፤ አላጠፋትም። ጮኻ ጮኻ ራሷ ዝም አለች። እናቴ እንደገና ደወለች። እንደገና ጮኸች። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና ልጇን አየችው።

«አንተ ነህ?»

ገመቹ አፉን ከፈተ። እማዬ ሊላት እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። የወጣው ግን ሁለት ጊዜ ጉሮሮ መጥረግ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ለእሷ ሲናገር በዚያ ስለሚጀምር ይሆናል።

«ዝም በል» አለች። በቀስታ ነበር የተናገረችው። «ድምፅህን ከቤቴ አውጣልኝ። ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ ልጄ ነህ። ድምፅህን ግን ሁለተኛ አልሰማም።»

ከዚያ ወደቀች። ማን ይይዛታል ብለን ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅንላትን ሴት ኦቦ ፈይሳ ያዟት፤ ማስካቸው ወልቆ፣ ጭንቅላቷ ደረታቸው ላይ ሆኖ። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኝታ ተነሳች።

ቃሏን ጠበቀች። ገመቹ ሲገባ ውሃ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ የተሻለውን ሥጋ እሱ ሳህን ላይ ታደርጋለች። አፉን ሲከፍት ግን ተነስታ ትወጣለች። ስለዚህ አፉን መክፈት ተወ። ጨው ሲፈልግ በጣቱ ያሳያል። «ለሚ፣ ለወንድምህ ጨው አቀብለው» ትለኛለች። አርባ ሰው የነበረ ሰው በቤታችን እንደ ዱዳ ተቀመጠ። ከጥቂት ወር በኋላ እንጭኒ ሄዶ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሥራ ያዘ። በገበያ ቀን ክምሩ ላይ ወጥቶ እየጮኸ ይሸጣል። ገዢውን በራሱ በገዢው ድምፅ ይከራከረዋል አሉ፤ ሰው ለሳቁ ብሎ ይገዛል። እንጭኒ ውስጥ ይወዱታል። እዚያ ሄጄ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። የማንንም ድምፅ ያመጣል፤ የአባዬን ብቻ አያመጣም።

ለበዓል ይመጣል። ለአራት ዓመት እንዲሁ መጣና ዝም ብሎ በልቶ ሄደ።

ባለፈው ፋሲካ ወደ መናኸሪያ ስሸኘው መንገድ ላይ ቆመ። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር አለኝ። ነገር ግን በራፏ ላይ ሽማግሌ ካየች ሌላ ነገር ይመስላትና ትደነግጣለች። «አንተን ትሰማለች። አንተ ጠይቅልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ 'እንደምን አለሽ' ልበላት። ከዚያ ከፈለገች እንደገና ዝም እላለሁ።» እሺ አልኩት።

አልጠየቅኳትም።

ለሳምንት ያህል ዛሬ እጠይቃለሁ፣ ነገ እጠይቃለሁ እያልኩ ቆየሁ። ሲደውልልኝ «ጠየቅኳት፤ እንቢ አለች» አልኩት። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ተናድጄበት ነበር። አባቴ ሞቶ ሰባት ሳምንት እንባዬን የዋጥኩት በእሱ ምክንያት ነው። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ... በቤቱ የምናገረው እኔ ብቻ መሆኔን ለምጄዋለሁ። እናቴ ከእኔ በቀር የምታወራው ሰው የላትም። ትንሹ ይበቃኛል ብላ የለ? ስልኩ ላይ «ይሁን» አለኝ። በማን ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም። የማንም አልመሰለኝም።

ያንን ካለኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው አይሱዙው የተገለበጠው።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞላ። አሁን የሚከለክል የለም። ከእንጭኒ በሁለት መኪና መጡ። እናቴ በሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ደረቷን አትመታም፣ አትጮኽም። እኔ ለእንግዶች ውሃ እያስታጠብኩ በአጠገቧ ሳልፍ ለኦቦ ፈይሳ ስትናገር ሰማኋት።

«እልኸኛ ነበር» አለቻቸው። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልላከብኝም። አንድ ሰው ቢልክ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢልክ፣ እኔ ምን አቅም አለኝ? በየፋሲካው ዛሬ ይልካል እያልኩ ነበር።»

ኦቦ ፈይሳ መሬት መሬት አዩ። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜያለሁ። እጁን የዘረጋው ሰውዬ «ውሃ» አለኝ። አፈሰስኩለት። አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ልቧ ደካማ ናት እላለሁ፤ ሁላችንም ያኔ ያልነው ይህንኑ ነበር።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ከሰዓት በኋላው ሲረዝምብን ሁለታችን ቤት ተቀመጥን። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስልኩ ጭኗ ላይ ነበር፤ ያንን ልማድ አልተወችውም።

«ለሚ» አለችኝ። «እስኪ እሱን አምጣልኝ።»

መጀመሪያ የምትለው አልገባኝም። ሲገባኝ ተነስቼ ልወጣ ፈለግሁ። አልወጣሁም። የእሱ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ትከሻህ ላይ ጀምር ይል ነበርና ትከሻው እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። የመጣልኝ የአባዬ ትከሻ ነው። ቀጥሎ የኦቦ ፈይሳ፣ ቀጥሎ የፍልውሃው ጠባቂ። ገመቹ ማንንም ሳይሆን፣ እንዲሁ ሲቀመጥ፣ እንዴት ነበር የሚቀመጠው? ሃያ ዓመት ወንድሜ ነበር።

«እንደምን አለሽ፣ እማዬ?» አልኩ።

ዓይኗን ጨፍና ነበር። «አይደለም» አለች።

ድምፄን ትንሽ አወፈርኩት። እንደገና አልኳት። አይደለም አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር እጇን አንስታ አስቆመችኝ። አልተቆጣችም።

«ተወው፣ ልጄ» አለች። «እሱ ቢሆን ያንተን ይችልበት ነበር።»